ባህር የተፋው ፕላስቲክ፦ የባህር እንስሳት ለምን ይበሉታል?

ሚድዌይ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ፣ በእስያና በአሜሪካ መሀል ነው ያለችው። ከተማ የላትም፣ ገበያ የላትም፣ ፋብሪካ የላትም። ያሉባት ጥቂት የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው። ቀሪው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጥንድ የባህር ወፍ ነው። ላይሳን አልባትሮስ ከሚባለው ወፍ በዓለም ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማው ጎጆውን የሚሠራው እዚህች ደሴት ላይ ነው።

ከነዚህ ወፎች አንዷ ዊዝደም ትባላለች፣ ጥበብ ማለት ነው። በ1956 እግሯ ላይ የመለያ ቀለበት ሲደረግላት ቢያንስ 5 ዓመት ይሆናታል ተብሎ ተገምቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዊዝደም ዛሬ ከሚታወቁት የዱር ወፎች ሁሉ በዕድሜ ትልቋ ናት።

ስለዚህች ወፍ ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይደንቀኛል። እሷ በተፈለፈለችበት ዘመን ዓለም በዓመት የሚያመርተው ፕላስቲክ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ዛሬ ከ400 ሚሊዮን ቶን በላይ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው በአንዲት ወፍ ዕድሜ ነው።

ዛሬ የሚድዌይን አሸዋ የረገጠ ሰው የሲጋራ መለኮሻ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የመረብ ቁራጭ ያገኛል። የሞቱ የአልባትሮስ ጫጩቶችም አሉ። ሥጋቸው በስብሶ አልቋል፤ ላባና አጥንት ቀርቷል። ሆዳቸው በነበረበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ የፕላስቲክ ቁልል። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት እንደሚገምተው፣ ወላጅ ወፎች በየዓመቱ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ ፕላስቲክ ለጫጩቶቻቸው ያጎርሳሉ።

እኛም አገር የፌስታል ክልከላ ከመጣ ወዲህ ስለ ፕላስቲክ ብዙ እየተወራ ነው። ስለ ባህሩ ሲነሳ ግን ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ሰው የሌለበት ቦታ ፕላስቲኩ እንዴት ደረሰ? እንስሳቱስ ምግብና ቆሻሻ አይለዩም እንዴ?

ፕላስቲክ ለምን አይበሰብስም?

የሙዝ ልጣጭ ጓሮ ብትጥሉ ብዙም ሳይቆይ አፈር ይሆናል። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚበሉት ነው። ፕላስቲክ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ውስጡ እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዙ ቅንጣቶች አሉ። ጥንካሬውን የሚያገኘው ከዚህ ሰንሰለት ነው። ይህን ሰንሰለት በቀላሉ ፈትቶ የሚበላ ተሕዋስ ተፈጥሮ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ባይበሰብስም ይሰባበራል። ደጅ የከረመ ማዳበሪያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እህል የምንይዝበትን ማለቴ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይነጣል። ከዚያ ስታነሱት እጃችሁ ላይ ብትንትን ይላል። ማዳበሪያው ግን አልጠፋም። ሺህ ቦታ ተበጣጥሶ አፈሩ ውስጥ አለ። ባህር ላይም ፀሐይና ማዕበል የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ቁራጭ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። ቃሉን በየዜናው የምትሰሙት ነው።

ተመራማሪዎች እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ የተጣለውን ፕላስቲክ አስልተው ነበር። እንደገና ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶው ብቻ ነው። 12 በመቶው ተቃጥሏል። የቀረው 79 በመቶ ወይ ቆሻሻ መጣያ ገብቷል፣ ወይ እንደ ተጣለ ሜዳ ላይ ቀርቷል።

ሰው የሌለበት ደሴት ማን አመጣው?

መንገዱ ረጅም ነው። በደንብ ያልተነሳ ቆሻሻ በጎርፍ ይወሰዳል፣ ቦይ ይገባል፣ ከቦይ ወንዝ፣ ከወንዝ ባህር። ከዓሣ አስጋሪ ጀልባዎች የሚጣለውና የሚወድቀውም ብዙ ነው። ከመርከብ ላይ ኮንቴይነር የሚወድቅበት ጊዜም አለ።

ባህር ከገባ በኋላ የሚወስደው የውቅያኖስ ጅረት ነው። ውቅያኖስ ውስጥ ልክ እንደ ወንዝ የሚሄድ ውሃ አለ። ነፋስና የምድር መሽከርከር ተጋግዘው ይህን ውሃ ግዙፍ ክብ ሠርቶ እንዲዞር ያደርጉታል። እንዲህ ያሉ 5 ትላልቅ ክቦች አሉ፤ 2 ፓስፊክ ላይ፣ 2 አትላንቲክ ላይ፣ 1 ህንድ ውቅያኖስ ላይ። ሻይ ስታማስሉ አረፋው ወደ መሀል ሲሰበሰብ አይታችሁ ይሆናል። የሚንሳፈፍ ፕላስቲክም በነዚህ ክቦች ውስጥ ይሰበሰባል። በመንገዱ ላይ ያሉ ደሴቶች ደግሞ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያልፍ የነበረውን ይዘው ያስቀራሉ።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ አጋጣሚ ነበር። በጥር 1992 ከሆንግ ኮንግ ወደ አሜሪካ ይሄድ ከነበረ መርከብ ላይ ማዕበል ኮንቴይነሮችን ጣለ። በአንዱ ውስጥ ወደ 28,800 የሚጠጉ የሕፃናት መታጠቢያ መጫወቻዎች ነበሩ። ቢጫ ዳክዬ፣ ሰማያዊ ኤሊ፣ አረንጓዴ እንቁራሪት፣ ቀይ ቢቨር። አሥር ወር ገደማ ቆይተው ከሺህዎች ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ አላስካ ውስጥ ሲትካ የምትባል ከተማ ባህር ዳርቻ ላይ ብቅ ማለት ጀመሩ። ሳይንቲስቶች የት የት እንደ ወጡ እየመዘገቡ የባህሩን ጅረት አጠኑበት። የሕፃን ዳክዬ የውቅያኖስ ካርታ አስተማረ።

ሌላዋ ምሳሌ ሄንደርሰን ናት። በደቡብ ፓስፊክ ያለች፣ ሰው የማይኖርባት የእንግሊዝ ደሴት ናት። ብዙ ሕዝብ ካለበት ቅርብ ቦታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ2017 የታተመ ጥናት ግን ደሴቷ ላይ 37.7 ሚሊዮን የሚደርስ የፕላስቲክ ቁራጭ እንዳለ ገመተ። በክብደት 17.6 ቶን። በአንዱ ዳርቻዋ ብቻ በየቀኑ ከ3,500 በላይ አዲስ ቁራጭ ይደርሳል።

ባህር ላይ "የቆሻሻ ደሴት" አለ የሚባለውስ?

ሰው የሚቆምበት ደሴት የለም። በሃዋይና በካሊፎርኒያ መካከል ፕላስቲክ በብዛት የተሰበሰበበት የውሃ አካል ግን አለ። ስፋቱ 1.6 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ተብሎ ተገምቷል፤ ከኢትዮጵያ ይሰፋል። አብዛኛው ቁራጭ ትንንሽ ስለሆነና ስለተበታተነ፣ በጀልባ እያለፋችሁበት ምንም ላይታያችሁ ይችላል። ደሴት ከማለት የቀጠነ ሾርባ ማለት ይቀርበዋል። በክብደት ሲመዘን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የዓሣ መረብ ነው።

እንስሳቱ ፕላስቲክና ምግብ አይለዩም?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። "እንስሳ ምን ያውቃል" ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን ሌላ ነው።

ከአልባትሮስ እንጀምር። ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለጫጩቱ ምግብ ፍለጋ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይበራል። ምግቡን የሚለቅመው ከውሃው ገጽ ላይ ነው። ስኩዊድ የሚባለውን ብዙ ክንድ ያለው ለስላሳ የባህር እንስሳ ይበላል፤ የዓሣ እንቁላል ደግሞ ይወዳል። በራሪ ዓሣ የሚባለው ዓሣ እንቁላሉን የሚለጥፈው በሚንሳፈፍ ነገር ላይ ነው። ድሮ የሚንሳፈፈው እንጨት ነበር፣ የባህር አረም ነበር፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ ነበር። ወፉ እንቁላሉን ከነተለጠፈበት ያነሳዋል። ዛሬ እንቁላሉ የሚለጠፈው መለኮሻና የጠርሙስ ክዳን ላይም ነው። ስለዚህ ወፉ ያየው እንቁላል ነው፣ የዋጠውም እንቁላል ነው። ፕላስቲኩ አብሮ ገባ። ከዚያ ደሴቱ ጋ ተመልሶ ከሆዱ አውጥቶ ለጫጩቱ ያጎርሰዋል።

አንዳንዱ እንስሳ ደግሞ የሚያታልለው ሽታ ነው። ፕላስቲክ ባህር ላይ ሲቆይ አልጌ ይበቅልበታል፤ ድንጋይ ላይ እንደሚያድገው ያለ አረንጓዴ ነገር። ትንንሽ የባህር ፍጥረታት አልጌን ሲበሉ አንድ ሽታ ይወጣል። ብዙ የባህር ወፎች ይህን ሽታ ተከትለው ነው ምግብ የሚያገኙት። በ2016 የወጣ ጥናት ባህር ላይ ጥቂት ሳምንት የቆየ ፕላስቲክ ይህንኑ ሽታ እንደሚሸት አሳየ። ሽታውን የሚከተሉት ወፎችም ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ የበለጠ ፕላስቲክ ይውጣሉ። በ2020 ደግሞ ኤሊዎች ተፈተኑ። ንጹሕ ፕላስቲክ ሲያሸቷቸው ምንም አላሉም። ባህር ውስጥ የከረመውን ሲያሸቷቸው ግን ምግብ እንደ ሸተታቸው ሆኑ። በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ የሚዋዥቅ ፌስታል ኤሊዎች የሚበሉትን ጄሊፊሽ የተባለ ለስላሳ የባህር እንስሳ ይመስላል።

ጆሮም ይታለላል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ብርሃን ስለሌለ አንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች የሚያድኑት በድምፅ ነው። ድምፅ ይለቃሉ፣ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ሰምተው ፊታቸው ያለው ስኩዊድ መሆኑን ያውቃሉ። በ2024 የወጣ ጥናት ከፌስታልና ከሌላ ፕላስቲክ የሚመለሰው ማሚቶ የምግባቸውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ጎልቶ እንደሚሰማ አሳየ። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2019 ፊሊፒንስ ውስጥ ዳቫኦ አካባቢ አንድ ዓሣ ነባሪ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። ሆዱ ሲከፈት 40 ኪሎ ፕላስቲክ ወጣ።

ከሁሉ ልቤን የነካው ግን የሸርጣኗ ታሪክ ነው። ሄርሚት ክራብ የምትባል ሸርጣን አለች። ገላዋ ለስላሳ ስለሆነ የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ፈልጋ ገብታ ትኖራለች። ሲጠባት ሌላ ቤት ትፈልጋለች። ከመሀላቸው አንዷ ስትሞት የሬሳዋ ሽታ ለሌሎቹ መልእክት ነው፤ "ቤት ተለቅቋል" ማለት ነው። በየአቅጣጫው ይመጣሉ። አሁን ደሴታቸው ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተጥሏል። አንዷ ትገባለች፣ ግድግዳው ያንሸራትታታል፣ መውጣት ያቅታታል፣ ትሞታለች። ሽታዋ ቀጣይዋን ይጠራል። ቀጣይዋም ትሞትና ሌላዋን ትጠራለች። ተመራማሪዎች በአንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ብቻ 526 ሸርጣኖች አግኝተዋል። በሄንደርሰንና ህንድ ውቅያኖስ ላይ ባሉት የኮኮስ ደሴቶች በዚህ ዓይነት የሞቱት 570,000 ገደማ እንደሚሆኑ ገምተዋል።

እነዚህ ፍጥረታት ሞኞች አይደሉም። ዓይናቸውም፣ አፍንጫቸውም፣ ጆሯቸውም በሚሊዮን ዓመታት የተፈተነ ነው። ምግባቸውን ወይም ቤታቸውን የሚያውቁበት ምልክት ፕላስቲኩ ላይ ተገኘ፣ እነሱም ምልክቱን አመኑ።

ሆድ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል?

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በበዓል ለዱለት ጨጓራ ሲታጠብ ውስጡ የተጠቀለለ ፌስታል ያየ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። በጉ ወይም በሬው የምግብ ትራፊ የሸተተበትን ፌስታል ዋጠ። ፌስታሉ አይፈጭም፣ ወደ ታችም አያልፍም፣ እዚያው ይከማቻል። ለሣር የነበረው ቦታ ተያዘ። እንስሳው እየበላ ይከሳል።

የአልባትሮስ ጫጩትም እንዲሁ ነው። ሆዷ ሞልቶ ትራባለች። የማይፈጭ ነገርን የምታስወግድበት ዘዴ በተፈጥሮ አላት። ልትበር ስትል የስኩዊድ መንቁርና የመሳሰለውን ጠቅልላ ታስመልሰዋለች። ፕላስቲኩ ሲበዛ ወይም ስለታም ሲሆን ግን ሁልጊዜ አይወጣላትም።

የባህር ኤሊ ችግር ይብሳል። ጉሮሮዋ ውስጥ ወደ ኋላ የዞሩ እሾህ መሰል ነገሮች አሉ። የዋጠችው ምግብ ከውሃው ጋር ተመልሶ እንዳይወጣ የሚይዙ ናቸው። ፌስታልም አንዴ ከገባ ይይዙታል። አንጀቷ ሲዘጋ ጋዝ ይጠራቀማል፤ መጥለቅ አቅቷት ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች። በ2018 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ስሌት ሠሩ። አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ የዋጠች ኤሊ በዚያ ምክንያት የመሞት ዕድሏ 22 በመቶ ነው። 14 ቁራጭ ከሆነ 50 በመቶ ይደርሳል።

የማይገድለውም ጉዳት አለው። በ2023 የአውስትራሊያ ግዛት በሆነችው ሎርድ ሃው ደሴት ባሉ የባህር ወፎች ላይ አዲስ በሽታ ተመዘገበ። ፕላስቲኩ የጨጓራቸውን ግድግዳ ደጋግሞ እያቆሰለ ጠባሳ ይተዋል። በሽታው ፕላስቲኮሲስ ተባለ።

ሳይበላም የሚገድል አለ። ከጀልባ የጠፋ መረብ ባለቤት ባይኖረውም ማጥመዱን አያቆምም። ኤሊ ይይዛል፣ ዶልፊን ይይዛል። በሃዋይ ደሴቶች አካባቢ ብቻ የሚገኝና ቁጥሩ 1,600 ገደማ ብቻ የሆነ «ሞንክ ሲል» የሚባል የባህር እንስሳ አለ። እሱም በዚህ መረብ እየተጠላለፈ ይሞታል።

ባህር የለንም፣ እኛን ምን ያገባናል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እውነቱም መነገር አለበት። አዲስ አበባ ላይ አቃቂ ወንዝ ውስጥ የገባ ፌስታል ባህር አይደርስም። አቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ አፋርን አቋርጦ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። የኛ ፌስታል የሚቀረው እኛው ጋ ነው፤ በእርሻው፣ በከብቱ ሆድ፣ በቆቃ ውሃ። ዓባይ ሜዲትራንያን ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ግን እንደ ሕዳሴና አስዋን ያሉ ትላልቅ ግድቦች አሉ።

ብዙ ወገኖቻችን ሠርተው የሚኖሩባት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ደግሞ የባህሩንም የየብሱንም ጉዳት ታሳያለች። ሻርጃ ዳርቻ ላይ ሞተው ከተገኙ አረንጓዴ የባህር ኤሊዎች 75 በመቶው የሰው ቆሻሻ ውጠው እንደነበር በ2021 የወጣ ጥናት ገልጿል፤ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ወደ በረሃው ዞረ። ዱባይ አካባቢ 300 ግመሎች ሆዳቸው ውስጥ የፕላስቲክ ክምር ተገኝቶባቸዋል። ግመሏም ኤሊዋም የበሉት አንድ ዓይነት ፌስታል ነው።

ሕጉን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ስስ ፌስታልን የከለከለችው ዛሬ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ከልክሎ ነበር። ገበያው ላይ ግን ብዙም አልታየም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚያግድ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ኤርትራ በ2005፣ ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ቀድመውናል።

ሕግ ሳይኖርም የሚሠራ ነገር ነበረን። በየሰፈሩ "ቆራሌው!" እያሉ የሚዞሩት ልጆች ባዶ ሃይላንድ ሰብስበው ይሸጣሉ። ዋጋ ያለው ዕቃ ወንዝ ውስጥ አይጣልም። ፌስታልን ግን ቆራሌው አይገዛም። በየቦዩ ተጠምዶ የምናየውም ለዚህ ይመስለኛል።

ማጽዳት አይቻልም?

መረብ ማንሳት ይቻላል፣ ይጠቅማልም። በሰሜን ምዕራብ ሃዋይ ደሴቶች ጠላቂዎች ከ1996 ጀምሮ ኮራል ከሚባለው ድንጋይ መሰል የባህር ፍጥረት ላይ መረብ እየቆረጡ ያነሳሉ። የተሰባበረው ግን ሌላ ነው። ስሪላንካ ይህን በደንብ ታውቃለች። በግንቦት 2021 ኤክስፕረስ ፐርል የተባለ መርከብ ኮሎምቦ አጠገብ በእሳት ተያያዘ፣ በኋላም ሰጠመ። የፕላስቲክ ዕቃ ከመሠራቱ በፊት ፋብሪካ የሚገባ፣ ምስር የሚያክል ጥሬ ፕላስቲክ ጭኖ ነበር። ወደ 1,680 ቶን የሚሆን ባህር ገባ። ሰዎች አሸዋውን በወንፊት እየነፉ ለመለየት ሞከሩ። ምስርን ከአሸዋ መንፋት ምን ያህል እንደሚያደክም ለማንም አይጠፋውም፤ እነሱ ያጋጠማቸው ደግሞ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ዳርቻ ነው። የሞቱ ኤሊዎችና ዶልፊኖችም ዳርቻ ላይ ወጡ። በሐምሌ 2025 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመርከቡ ባለቤቶች 1 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍሉ ወስኗል።

ስለዚህ ክርክሩ ወደ ምንጩ ሄዷል። በመጋቢት 2022 ናይሮቢ ላይ አገሮች ስለ ፕላስቲክ ዓለም አቀፍ ስምምነት ለመደራደር ተስማሙ። በ2024 መጨረሻ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ቡሳን ከተማ ላይ አልጨረሱም። በነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይም ሳይስማሙ ተበተኑ። ያልተስማሙበት ነገር ግልጽ ነው። ብዙዎቹ አገሮች ምርቱ ራሱ ይገደብ ይላሉ። ነዳጅ አምራቾቹ ቆሻሻውን በደንብ መያዝ ይበቃል ይላሉ። ከቁጥሩ ስነሳ እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ። 9 በመቶ ብቻ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውልን ነገር በየዓመቱ ጨምሮ እያመረቱ ቆሻሻውን እንይዛለን ማለት አያስኬድም።

ዊዝደም በ2024 መጨረሻ ሚድዌይ ተመለሰች። ዕድሜዋ ያኔ ወደ 74 ዓመት ይገመት ነበር። እንቁላል ጣለች፤ በ2025 መጀመሪያም ጫጩቷ ተፈለፈለ። የአልባትሮስ ጫጩት ክንፉ እስኪጠነክር 5 ወር ገደማ ከጎጆው አይርቅም። በዚያ ጊዜ ሁሉ የሚበላው ወላጆቹ ከባህር ያመጡለትን ብቻ ነው።